ጋሽ ሙሄ ያዋሱኝ ገመድ

በ1965 ዓ.ም. ክረምቱ ገባ፤ ጋሽ ሙሄ ግን አልመጡም።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየግንቦቱ፣ ዝናቡ ሳይጠና የግቢያችንን በር በፒንሳቸው እጀታ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ይገቡ ነበር። ማንም አይጠራቸውም። ከቆጣሪው ጀምረው እስከ ጓዳችን ድረስ የተዘረጋውን የመብራት ገመድ በእጃቸው እየዳሰሱ ያያሉ። የላላውን አጥብቀው፣ የተላጠውን ጠቅልለው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ዘንድሮ ግንቦት አለፈ። ሰኔም አለፈ። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ነጠላዬን ለብሼ ልጠይቃቸው ወጣሁ።

የሚሠሩት መርካቶ ውስጥ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ክር ከሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጠው ነበር። ስደርስ ሳጥኑ የለም። ሱቁም ተዘግቷል። ከጎን ያለው አዝራር ሻጭ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሽ ሙሄን ፈልገሽ ነው?»

«አዎ።»

«ትናንት ቀበርናቸው እኮ። አልሰማሽም?»

አልሰማሁም አልኩት።

«ከፋሲካ ወዲህ ደረታቸውን ያማቸው ነበር። እትዬ ዘሃራም ሲያስታምሙ ሱቁን ከዘጉ ቆዩ» አለኝና የልቅሶውን ቤት በእጁ አመለከተኝ። ከዚያው ሩቅ አልነበረም። እኔ ግን ወደዚያ አልሄድኩም። እሳቸው ቤት ባዶ እጄን መግባት አልችልም ነበር። የሳቸው የሆነ ነገር እቤቴ አለ።

እየዘነበብኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። ጥላ ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ደጃፌ ስደርስ ነው።

ልጄን ሰናይትን የወለድኳት በ1957 ዓ.ም. ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው፤ በሰባት ወሯ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያቅፋት በአንድ መዳፉ ያዛትና ሌላውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«የዚች ልጅ ግማሽ ምግቧ ሙቀት ነው» አለችኝ። «ብርድ ከነካት አትተርፍልሽም። ቤታችሁ መብራት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው በሳጥን አድርገሽ አምፖል ከአጠገቧ አብሪላት። ቀንም ሌሊትም እንዳይጠፋ።»

ባለቤቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ሦስት ቀን አብሮን ሰነበተና ወደ ሥራው ወጣ። ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን አትገባምና እኔ ቤት ነበርኩ። የአማኑኤል ደወል ሲሰማ ፊቴን ወደዚያ እያዞርኩ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ለሰማንያ ቀኗ አድርስልኝ፣ ክርስትና ትነሳልኝ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ዕድሜዋ ለመጠየቅ አፈርኩ። የነፍስ አባቴ «ከባሰባት ሰው ላኪብኝ፤ ቀኑን ሳንጠብቅ እናጠምቃታለን» ብለውኝ ነበር። «ከባሰባት» የሚለውን ቃል ግን አእምሮዬ እንዲያስበው አልፈቀድኩለትም።

ለነርሷ «አለ» ያልኳት መብራት እንዲህ ነበር።

ግቢያችን ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። የግቢው ባለቤት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ተከራዮቹ እኔና ልብስ ሰፊው ስንታየሁ ነን። ቆጣሪው አንድ ነው፤ በእትዬ በላይነሽ በረንዳ ግድግዳ ላይ። ከዚያ ወደኔ፣ ወደ ስንታየሁና ወደ ማድ ቤቱ የሚሄዱት ገመዶች ከኛ በፊት በነበሩ ተከራዮች ጊዜ የተዘረጉ ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ዞሮ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ በጣራው ጠርዝ ሥር እንደ ወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እትዬ በላይነሽ ራዲዮናቸውን ሲነቅሉ የማድ ቤቱ ይጠፋል። ስንታየሁ የኤሌክትሪክ ካውያውን ሲሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ሦስታችንም እንጨልማለን። በፊት በዚህ እንስቅ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ልጅ ከተኛች በኋላ የሚያስቅ አልሆነም።

በአራተኛው ቀን አምፖሉ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ስንታየሁ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ አስካለ፣ ካውያውን ልተወው ብል ምን በልቼ ልደር። ግን እንዲህም ሆኖ አይኖርም። አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ላምጣልሽ» አለኝ።

ያመጣቸው ሰው አጭርና ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ነበሩ። የፊት ጥርሳቸው ተሸርፏል። ከበሩ መለስ ብለው ቆሙ።

«አራስ ቤት ነው። ግቡ ካላለችኝ አልገባም» ሲሉ ሰማሁ።

«ይግቡ አባቴ» አልኩ።

ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ጣራውን አልነበረም፤ ልጅቱን ነው። ጎንበስ ብለው አይዋት፣ ትንፋሿን አዳመጡ። «አብሽሪ እህቴ» አሉኝ። አይዞሽ ማለታቸው ነው። ወሎ ነው የተወለዱት፤ አነጋገራቸው እስከ መጨረሻው የወሎ ነበር። ከዚያ ወደ ውጭ ወጡና ገመዱን ሽቅብ አይተው ሳቁ።

«ይሄ መብራት አይደለም፤ የጠጅ ቤት ወሬ ነው። ማን እንደጀመረው፣ ማን እንደጨመረበት አይታወቅም።»

«ለምን ቆርጠን እንደ አዲስ አንዘረጋውም?» አለ ስንታየሁ።

«መቁረጥ ማንም ይችላል» አሉ።

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በልጅ ላይ ስቆጣም ይሉኛል። ስንታየሁ ከአጎቱ ጋር ሲጣላም ብለውታል።

እትዬ በላይነሽ በዚያን ሰሞን ለስለት ደብረ ሊባኖስ ሄደው ነበር። እኔና ስንታየሁ ተማከርንና እንዲሠሩልን ተስማማን። ቆጣሪው ላይ አጠፉት። ልጄን ከሳጥኑ አውጥቼ ደረቴ ላይ አደረግኩና በበሩ አየኋቸው። በደረቅ ሳጥን ላይ ቆሙ። የጠፋ መሆኑን እያወቁም እንኳ ሽቦውን መጀመሪያ በእጃቸው ጀርባ ነኩት፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት።

«የማን ነሽ?»

ስንታየሁ ሳቀ። «ትመልሳለች እንዴ ጋሼ?»

«ካልጎተትካት ትመልሳለች።»

እውነትም አልጎተቱም። በጣታቸው እየተከተሉ፣ በአንዷ ሥር እያሾለኩ፣ በሌላዋ ላይ እያሳለፉ፣ ጨርቁን እየፈቱ ሄዱ። አንዷ ገመድ ከቋጠሮው ስትወጣ ትርፏን በክርናቸውና በአውራ ጣታቸው መሐል ይጠቀልሏታል፤ ልክ ሴቶች ፈትል እንደሚጠቀልሉ። ስንታየሁ «ጋሼ ደግሞ ፈታይ ሆኑ» ሲላቸው «ክር ነጋዴ ያገባ ሰው ምን ይሁን ትላለህ?» አሉት።

ከከረጢታቸው የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ ከባለቤታቸው ሱቅ የተራረፈ ቁራጭ ክር ነው። ለእትዬ በላይነሽ ገመድ ነጭ ክር አሰሩ፤ ከቆጣሪው ሥር አንድ፣ ከበራቸው በላይ አንድ። ለስንታየሁ አረንጓዴ። ለማድ ቤቱ ሰማያዊ። ክሩን በጥርሳቸው ነው የሚበጥሱት። ጥርሳቸውን የሸረፈው ይህ ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

«በወረቀት ስማችንን ጽፈው ቢለጥፉበት አይሻልም?» አልኳቸው።

«ቀለም አልቆጠርኩም እህቴ፤ ቀለም ግን አውቃለሁ» ብለው ሳቁ።

የኔ ገመድ ተራ ሲደርስ አጥራ ተገኘች፤ ሳጥኑ ጋ አትደርስም። ጋሽ ሙሄ ጥቂት አሰቡና «መጣሁ» ብለው ወጡ። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ቡናማ ጨርቅ የለበሰች፣ ሁለት ሆና የተጠማዘዘች ረዥም ገመድ ይዘዋል፤ ጫፏ ላይ የናስ አምፖል መያዣ አለባት። ባለ አርባ ሻማ አምፖል አደረጉባት። አምፖሉ ጨርቅ እንዳይነካ በሽቦ ወንፊት ከለሉት። ገመዷ በግድግዳው ላይ እንጂ በመሬት እንዳትሄድ፣ ማንም ረግጦ እንዳይነቅላት በትንንሽ ሚስማር ያዟት።

«ይሄ ገመድ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ትርፍ ነው። ልጅቱ ስታድግ ትመልሺልኛለሽ።»

ከዚያ ቆርቆሯቸውን ጎረጎሩ። «ቀይ ፈልጌ ነበር። ቀይ ከሩቅ ይታያል። ይቺን ገመድ ማንም እንዳይነካት ነው። ቀይ ክር የለሽም?»

ነበረኝ። ከትራሴ ሥር በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሐር ክር ነው። ቋጠሮውን ፈትቼ ሰጠኋቸው።

«ምን ልትሠሪበት ነበር?»

«ለክርስትናዋ ነው። ማተብ ነው የሚገመድበት።»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄንስ አልነካም። የሃይማኖታችሁ ነው።»

«እዚያ ቀን የምታደርሳት ይቺ ገመድ ናት፤ ይሰሩት» አልኳቸው።

ወደ ውጭ ወጥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ በደንብ አደረቁ። ቀዩን ብቻ መዘዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ገመዷ ላይ አሰሩት። አምፖሉ በራ። ልጄን ከሥሩ አስተኛኋት። ፊቷ ቢጫ ብርሃን ውስጥ ሆነ።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሕግ አወጡልን። ስንታየሁ ካውያውን ከመሰካቱ በፊት «ካውያ» ብሎ ይጣራል። ሌላው ሰው ራዲዮ ወይም ሌላ ነገር ከፍቶ እንደሆነ ያጠፋና «ሰካ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ከሆነ ፊውዙ ይችላል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ «ካውያ» «ሰካ» የማይባልበት ሰዓት የለም። ሰፈሩ ይስቅብን ነበር። አምፖሉ ግን አልጠፋም። አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን፣ ሠላሳ ቀን። ጋሽ ሙሄ በሦስት በአራት ቀን ብቅ እያሉ በበሩ ያዩዋታል። ልጄ በማንኪያ መጠጣቷን ትታ ጡት መጥባት ጀመረች። ጉንጭ አወጣች።

እትዬ በላይነሽ የተመለሱት ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነው። ደብረ ሊባኖስ ታመው ስለነበር ቆይተዋል። በጠዋት ደረሱ። ስንታየሁ የተሰፋ ልብስ ሊያደርስ ወጥቷል፤ እኔ ልጄን እያጠባሁ ነበር። መምጣታቸውን አላወቅኩም። ስለ ገመዱም የነገራቸው ሰው የለም።

በመጀመሪያ የሰማሁት ዱላ የጣራውን ጠርዝ ሲመታ ነው። ከዚያ ጸሎት። ከዚያ አንድ ነገር «ጧ» አለና አምፖሉ ጠፋ።

ልጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ዝናቡ ያካፋል። እትዬ በላይነሽ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የጠበል ጠርሙስ ይዘው በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ቀዩ ክር ጭቃ ላይ ወድቋል።

«አስካለ፣ አትቅረቢ» አሉኝ። «ብሄድላቸው ጊዜ ቤቴን አስደግመውበታል። እይው፤ በየበሩ ላይ የተቋጠረ ክር። በኔ በር ላይ ደግሞ ነጭ። ነጭ ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? መግነዝ ነው።»

«እትዬ፣ ጠበሉን የት ረጩት?»

«ሁሉም ላይ። ቆጣሪው ላይም።»

እውነቱን ልጻፍ። ለአንድ አፍታ እኔም ተጠራጠርኩ። ሰውዬው ክሩን ሲያስሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ጠበል ሲነካው እንዲህ የጮኸ ነገር ምንድነው አልኩ በልቤ። አርባ ቀን የልጄን ሕይወት ያቆየውን ሰው ነው እንዲህ ያሰብኩት። እግዚአብሔር ይቅር እንዲለኝ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ልጄ ደረቴ ላይ ተንቀሳቀሰች። እግሯን ዳሰስኩ፤ እየቀዘቀዘ ነበር።

«እትዬ፣ መብራቱ የልጄ እስትንፋስ ነበር» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። የክሩን ነገር በአጭሩ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ጠርሙሱን በረንዳው ላይ አስቀመጡት። ማድ ቤት ገብተው እሳት አቀጣጠሉ። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ፣ በጨርቅ እየጠቀለሉ፣ በግራና በቀኜ አደረጉልኝ። ስንታየሁ ከበሩ ገባ፤ አየንና ጋሽ ሙሄን ሊጠራ ተመልሶ ሮጠ።

ጋሽ ሙሄ ሲደርሱ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ከቆጣሪው በፊት ወደኔ መጡ።

«ልጅቱስ?»

«ደረቴ ላይ ናት።»

«እግሯ?»

«ቀዝቅዟል።»

«አብሽሪ» አሉ። ወደ ቆጣሪው ዞሩ።

እትዬ በላይነሽ መንገድ ላይ ቆሙባቸው። «አንተ ነህ ይሄን የቋጠርከው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«መተት ነው ብዬ ነው የበጠስኩት።»

«መተት ባውቅማ በዚህ ዝናብ ጣራ ሥር ምን አቆመኝ? በተኛሁበት አበራው ነበር» አሉ። «ክሩ ስም ነው። ነጩ እርስዎ ነዎት። ለግቢው ባለቤት ንጹሑን ልስጥ ብዬ ነው።»

እትዬ በላይነሽ ዱላቸውን ጣሉት። «ጠበልም ረጭቼበታለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጠበሉ ቅዱስ ነው እትዬ። ሽቦው ነው ከተራ ውሃ የማይለየው።»

ሥራው ቀላል አልነበረም። ውሃው መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ገብቷል፤ ክሩ ስለተበጠሰ የቱ የማን እንደሆነ እንደገና ከጫፍ መከተል ነበረባቸው። ግን አልቸኮሉም። እያንዳንዷን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጉ «የማን ነሽ?» ይላሉ። እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ቸኩለው ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ቢጮሁ ኖሮ፣ እኔም የምጮህ ይመስለኛል። የሳቸው ድምፅ ስላልተለወጠ እኔም ቻልኩ። የቀትር አዛን ከመስጊድ ተሰማ። ወደዚያ ዘወር አሉና መልሰው ወደ ሽቦው ዞሩ።

ጥቂት ቆይቶ ሳጥኑ ውስጥ አምፖሉ በራ።

የኔዋን ገመድ ከሌሎቹ ለይተው ለብቻዋ ከራሷ ፊውዝ ጋር አገናኝተዋታል። ልጄን አስተኛኋት። እትዬ በላይነሽ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ክሮቹን ለቀሙ።

«የልጅቱ የቱ ነው?»

«ቀዩ።»

በጠርሙሱ የቀረውን ጠበል አፍስሰው አጠቡት። ለጋሽ ሙሄ ዘረጉላቸው።

«እርጥብ አላስርም እትዬ። አሁን ምን ተባባልን?»

ስንታየሁ ክሩን ተቀብሎ ገባና ከክፍሉ ውስጥ ተጣራ። «ካውያ።»

እትዬ በላይነሽ ምን እንደሚመለስ አያውቁም ነበር። ጋሽ ሙሄ ወደሳቸው ጎንበስ ብለው «ሰካ ይበሉት» አሏቸው።

«ሰካ» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ያ አንድ ጋት ክር በካውያ ተተኮሰ። ሲታሰር ጋሽ ሙሄ የቆሙበትን ሳጥን የያዙት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሙሄ ከስንታየሁ ንጹሕ ጨርቅ ተቀብለው በረንዳው ላይ አንጥፈው ያለፋቸውን ሰላት ሰገዱ። እትዬ በላይነሽም እስኪጨርሱ ድረስ በረንዳቸውን ለቀው ማድ ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

ሰማንያው ቀን በመስከረም መጀመሪያ ዋለ። ከዋዜማው ጋሽ ሙሄ መጡና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሐር ክር ነው፤ ከኔው የበለጠ ጥሩ ሐር። «የወሰድኩትን መመለሴ ነው» አሉ። ሰናይት ክርስትና ስትነሳ አንገቷ ላይ የታሰረው ማተብ የተገመደው ከዚያ ክር ነው። ክርስትና እናቷ እትዬ በላይነሽ ሆኑ።

በሚቀጥለው ግንቦት ሲመጡ ገመዷን ጠቅልዬ ጠበቅኳቸው። «እነሆ ጋሽ ሙሄ፣ አደገችልኝ» አልኳቸው። ሰናይት ገና እየዳኸች ነው። ከላይ እስከ ታች አይዋትና «ገና ናት» አሉ። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። እኔ ገመዱን አወጣለሁ፤ እሳቸው ይመልሱታል። ሰናይት አፍ ስትፈታ ነገሩ የሁለቱ ጨዋታ ሆነ።

«አድገሻል?» ይሏታል።

«አድጌያለሁ።»

«እስቲ እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ። ቆጣሪው ጋ ትደርሺያለሽ?»

ትዘረጋለች፤ በእግሯ ጣት ትቆማለች።

«ገና ነሽ። ዱሮም ሴቶች በዕድሜያቸው መዋሸት ይወዳሉ» ይሏታል፤ እሷ ትናደዳለች። በስድስት ዓመቷ ጫማዋ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ ቁመቷን ጨምራ ጠብቃቸው ነበር። ያን ዕለት የሳቁትን ሳቅ አልረሳውም። ዕንባቸውን በቆባቸው ነው የጠረጉት።

ማረፋቸውን በሰማሁ በማግሥቱ በጠዋት ተነሳሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። ከዚያ በርጩማ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ፤ ክረምት ገብቷል፣ ዘንድሮ ገመዱን ያየው የለም። ሰናይት በርጩማውን ያዘችልኝ። ቆጣሪው ላይ አጠፋሁ። በእጄ ጀርባ ነካሁ። ነጩ ደህና ነው። አረንጓዴው ደህና ነው። ሰማያዊው ላልቶ ነበር፤ አጠበቅኩት።

«የማን ነሽ ማለት ረሳሽ» አለች ሰናይት ከሥር።

አልኩ።

ቡናማዋን ገመድ ከሳጥኗ አወጣኋት። ቀዩ ክር ቀለሙ ለቆ ሐምራዊ መስሏል። ሰናይትን አስከትዬ ወደ ልቅሶው ቤት ሄድኩ። ከእትዬ ዘሃራ ጋር በሱቃቸው በር ሳልፍ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ያዝኩ። ልቅሶዬን ከጨረስኩ በኋላ ገመዱን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ጭናቸው ላይ አደረግኩት።

«ጋሽ ሙሄ ትርፍ ነው ብለው አውሰውኝ ነበር» አልኳቸው። «ልጄ ለዚህ የደረሰችው በዚህ ነው።»

የናሱን አምፖል መያዣ አገላብጠው አዩት።

«ትርፍ?» አሉ። «ይሄ የመኝታ ቤታችን መብራት ነው። አንድ ቀን በጠዋት መጥቶ ከግድግዳው ነቀለው። ለአራስ ነው አለኝ። ያን ክረምት በኩራዝ ነው ያሳለፍነው። ከዚያ ወዲያም መልሶ አልሠራውም፤ ገና ናት ይለኛል።»

ገመዷን ግድግዳው ላይ እየያዙ «ትርፍ ነው» ሲሉኝ ፊታቸው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ሌላ ጊዜ ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ ጣታቸው ቀዩ ክር ላይ ደረሰ። ክር ነጋዴ ናቸው፤ በሁለት ጣት አሹት። «ይሄ የኛ ሱቅ ክር አይደለም።»

«አይደለም። ለልጄ ማተብ ያስቀመጥኩት ነበር። እሳቸው ምትኩን አመጡልኝ» አልኩና ሰናይትን ወደሳቸው አቀረብኳት። በአንገቷ ያለውን ማተብ ወጣ አድርገው ነኩት።

«ይሄ ግን የኛ ነው» አሉ። «ጥሩውን ሐር ከላይኛው መደርደሪያ ወስዶ ለማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። ተቀይሜው ነበር።»

ከዚያ ልጄን ቀና ብለው አይዋት። «አንቺ ነሽ በይ ገና ናት የሚላት። ይኸው ትልቅ ሰው ሆነሻል። አድገሽ የለም እንዴ?»

ሰናይት ገመዱን አየችው። እኔን አየችኝ። ዓመት ሙሉ ጠብቃ «አድጌያለሁ» የምትለው ልጅ አንገቷን ደፋች።

«ገና ነኝ» አለች።

እትዬ ዘሃራ ገመዱን ሳይፈቱ፣ ሳያጥፉ፣ በሁለት እጃቸው አንስተው መልሰው ለኔ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። በነጠላዬ ሸፍኜ በዝናቡ ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ፤ ሰናይት ከምትተኛበት ራስጌ በላይ ሰካሁት።